ያነደድኩት ወሰን

ሰው ሲያጠፋ ጥፋቱን የሚናገረው ወይ ለንስሐ አባቱ ነው፣ ወይ ለልብ ጓደኛው። እኔ ለዚህች ጽሑፍ አንባቢዎች ልናገር ነው። ምክንያቱም ጥፋቱ የተማሪ ጥፋት ነው፤ ከተማሪ በቀር ማንም ገበሬ እንዲህ ያለውን አያጠፋም። ነገሩም ስለ እንጨት ነው። ስለ አንድ እንጨት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገር ገባ ተብሎ ዩኒቨርስቲዎች ሲዘጉ ሻንጣችንን እየጎተትን በየመጣንበት ተበተንን። ያን ጊዜ የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። አገሬ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ያለው ደጋ ነው። አባቴ ካረፈ አራት ዓመት ሆኖት ስለነበር ቤቱ ውስጥ ያሉት እናቴና ታናሽ እኅቴ ብቻ ነበሩ። ወንድ ልጅ፣ ያውም የበኩር፣ ያውም «የተማረ» ተብሎ የተወራለት፣ እንዲህ ያለ ቤት ሲገባ ምን እንደሚጠበቅበት ታውቁታላችሁ። ይፈልጣል፣ ያጥራል፣ የጎደለ ይሞላል፣ ከጎረቤት ጋር የተንጠለጠለ ነገር ካለም ይጨርሳል። እኔም ይህን ሁሉ ላደርግ ቆርጬ ነበር የገባሁት። ከዚህ ሁሉ የማውቀው መፍለጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቢሆን የማውቅ ይመስለኝ ነበር ማለት ይሻላል።

ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 11 ቀን ነው። በሰሙነ ሕማማቱ የበልጉ ዝናብ አላባራ አለ። ከቤት ኋላ የከመርነው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ሲነሳ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ሲነድ ደግሞ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ያለቅሳል። ኩበቱም ረጥቧል። ዓርብ ከስግደት መልስ እናቴ እንጨቱን እያገላበጠች፣ «ለዳቦው የሚሆን ደረቅ እንጨት ካላገኘን ዘንድሮ ፋሲካን በጭስ እያለቀስን ልንውል ነው» አለች። ለራሷ ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ለእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ከጓሯችን ጥግ፣ የጎረቤታችን የገብስ ማሳ ከሚጀምርበት ዘንድ፣ አንድ አሮጌ ቋሚ እንጨት ነበር። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። ትንሽ ዘንበል ብሏል። አጥር የለበት፣ ማገር የለበት፣ እንዲያው ብቻውን የቆመ ነገር ነው። በልጅነቴ ጥጃ እናስርበት ነበር። መልኩ አመድ፣ ገላው የተሰነጣጠቀ፤ በጣቴ ጫን ስለው እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ይሄ የድሮ አጥር ቅሪት ነው፣ ከላዩ የበሰበሰ ስለሆነ ባሕር ዛፍ መሆን አለበት፣ ከውስጡ ግን የደረቀ ነገር አይጠፋም ብዬ ደመደምኩ። ልብ በሉ፤ ደመደምኩ ነው የምለው። አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ማለዳ እናቴ ወፍጮ ቤት ስትወርድ መጥረቢያ ይዤ ሄድኩ። መጀመሪያ ነቅዬ ላወጣው ብነቀንቀው ፍንክች አላለም። ስለዚህ ከመሬት አፍ ላይ ልቆርጠው ወሰንኩ፤ እዚያ ላይ ቀጠን ብሎ ተበልቷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ምቶች እንደ ቅቤ ነበሩ። ግራጫው ገላ እየተላጠ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ። ቅድም «ዷ፣ ዷ» ይል የነበረው «ጠን!» ማለት ጀመረ። መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ፣ ክንዴ እስከ ትከሻዬ ነዘረኝ። አንጓ ነው የመታሁት ብዬ ዞሬ በሌላ በኩል መታሁ፤ እዚያም አንጓ! ዙሪያውን ሁሉ አንጓ የሆነ እንጨት የት አገር አለ? ይህን ጥያቄ ለራሴ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። ፀሐይ አናቴ ላይ እስክትደርስ ታግዬ ጣልኩት። የመጥረቢያው ስለት ሁለት ቦታ ተሸርፏል። መፍለጡ ደግሞ ሌላ መከራ ነበር፤ በብረት ሽብልቅ እየነዳሁ፣ መዶሻ እየቀየርኩ፣ አራት ቦታ አደረግሁት። ውስጡ ሲከፈት ማር የመሰለ ቡናማ ነው፣ በመሐሉ እንደ ጅረት የሚጠማዘዝ ጥቁር መስመር አለው። አየሁት። ባሕር ዛፍ ሲያረጅ ልቡ ይጠቁራል ብዬ ለራሴ አስረዳሁት። የተማረ ሰው እኮ ለማያውቀው ነገር ማብራሪያ አያጣም።

እሳቱን የለኮስኩት ማታ ነው። በጭራሮ አስነሥቼ ከላይ አንዱን ፍልጥ ጣል አደረግሁ። ለመያዝ ዘገየ። ከያዘ በኋላ ግን እንዲያ ያለ እሳት አይቼ አላውቅም። አይንጣጣም፣ አይንቦገቦግም፤ አጭር፣ የተረጋጋ ነበልባል ነው። ከሥሩ ፍሙ ቀይ ሆኖ እየቀላ ሄዶ ወደ ነጭ የሚያደላ። እርጥቡን ባሕር ዛፍ አጠገቡ ባስጠጋው ያ እልኸኛ እንጨት ራሱ አረፋውን ጨርሶ ነደደ። ደስ ብሎኝ እኅቴን ጠርቼ፣ «አየሽ፣ ደረቅ እንጨት ማለት ይሄ ነው» አልኳት።

እናቴ ማጀት ሆና ሊጡን ትፈትሽ ነበር። ድንገት ዝም አለች። ከዚያ እጇ ሊጥ እንደያዘ ብቅ አለችና አፍንጫዋን ወደ ምድጃው ዘርግታ፣ «ይሄ ወይራ ነው» አለች። «ከየት አመጣኸው?»

«ከጓሮ። ያ የጥጃው እንጨት።»

ምንም አልተናገረችም። ወደ እሳቱ ጎንበስ ብላ የሚነደውን ፍልጥ ካልነደደው ጫፉ ይዛ ጎትታ አወጣችው፣ ደጅ ወስዳ ዝናቡ ላይ ጣለችው። የቀሩትን ሦስቱን ቆጠረች፤ ሁለቱ ገብተው አልቀዋል፣ አንዱ ግማሹ ፍም ሆኗል። ያንንም አወጣችው። ተመልሳ መጥታ ጉልቻው አጠገብ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ያነደድከው ወሰናችንን ነው እኮ» አለችኝ።

አልተቆጣችም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዳቦው በዚያው በወይራው ፍም ተጋገረ፣ እንዲያውም በዓመት በዓል ከበላሁት ዳቦ ሁሉ የተሻለ ሆኖ ወጣ። መቼም ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን፣ በኛም አገር ገበሬ ማኅበር ተቋቁሞ መሬቱ ተደለደለ። እዚህ ግቢ ውስጥ ሆነን «መሬት ላራሹ» ብለው በ1957 ዓ.ም. የተሰለፉትን ተማሪዎች ስንዘክር አዋጁን እንጂ ከአዋጁ በኋላ የመጣውን ሥራ አናስበውም። አዋጅ ሲታወጅ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ «ያንተ እስከዚህ፣ የኔ ከዚህ ወዲያ» ለማለት ግን የሆነ ነገር መሬት ላይ መቆም አለበት። አያቴና የዛሬው ጎረቤታችን አባት በ1968 ዓ.ም. ድልድሉ ሲያልቅ ከቆላው አፋፍ አንድ የወይራ ግንድ አስመጥተው፣ አንዱ እየቆፈረ አንዱ እየጠረበ፣ በወሰናቸው ጥግ ላይ ተከሉት። ድንጋይ ያልተከሉት ድንጋይ በአንድ ሌሊት ሊገፋ ስለሚችል ነው። ባሕር ዛፍ ያልተከሉት ደግሞ ከነሱ ቀድሞ ስለሚበሰብስ ነው። ሁለቱም ሽማግሌዎች ሞቱ። እንጨቱ 44 ክረምት ቆሞ ሳለ አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ መጣ።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው የማይበሰብሰው? ከበዓሉ በኋላ ሌት ተቀን ይህንኑ ነበር የማስበው፤ የተማርኩትንም ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው፣ ካለፈ በኋላ። እንጨት የሚያበሰብሰው ዝናብ አይደለም፤ የሻጋታ ዘር የሆነ ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለመኖር ውሃም አየርም ምግብም ይፈልጋል። ከመሬት በላይ ያለው እንጨት አየር ሞልቶት ውሃው ቶሎ ይደርቅበታል፤ ጠልቆ የተቀበረው ውሃ ቢያገኝ አየር ያጥረዋል። ሁለቱ የሚገናኙት ልክ በመሬት አፍ ላይ ነው። ቋሚ ሁሉ ቀጥኖ የሚሰበረው እዚያ ላይ የሆነው ለዚህ ነው። እኔም «ቀጠን ብሏል» ብዬ መጥረቢያዬን ያሳረፍኩት እዚያው ላይ ነበር።

ደግሞም የአንድ ግንድ ገላ ሁሉ አንድ አይደለም። ዛፉ በሕይወት ሳለ ውሃ የሚያመላልሰው የውጪው፣ ነጣ ያለው ክፍል ነው። ያ ክፍል በማናቸውም ዛፍ፣ በወይራም ቢሆን፣ መሬት ከገባ ይበላል። ውስጥ ያለው ልብ ግን ሕዋሳቱ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዛፉ ሲሞቱ እንዲያው ባዶ አይተዋቸውም፤ ለፈንገስና ለነፍሳት መርዝ የሆኑ ነገሮች ያከማችባቸዋል። የልቡ ቀለም የሚጠቁረውና ሲቃጠል የሚሸተው በዚሁ ክምችት ነው። ቆላ ላይ ምስጥ ወይራን ትቶ ሌላውን የሚበላው ለዚህ ነው። ስለዚህ ያ ቋሚ ውጪው ተበልቶ ግራጫ ዱቄት ሆኖ፣ ልቡ ግን 1968 ዓ.ም. እንደገባ ነበር። እኔ ያየሁት ልብሱን ነው። ልብሱ አርጅቷል ብዬ ሰውየውን ገደልኩት።

እሳቱም ቢሆን ተአምር አልነበረውም። አንድ ኪሎ በደንብ የደረቀ እንጨት፣ ወይራም ይሁን ጥድ ባሕር ዛፍም ይሁን፣ ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ ከ18 እስከ 20 ሜጋጁል ቢሆን ነው። ልዩነቱ ያለው በኪሎው ሳይሆን በመጠኑ ነው። የእንጨት ገላ ራሱ፣ ባዶው ቀዳዳ ተቀንሶ ቢመዘን፣ በየትኛውም ዛፍ ከውሃ አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይከብዳል። ጥድ ከግማሽ በላይ አካሉ አየር ነው፤ ለዚህም ነው ቶሎ ቦግ ብሎ ቶሎ የሚያልቀው። ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የደረቀው ልቡ ከውሃ ክብደት ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የሚቀረው። ስለዚህ አንድ ክንድ የወይራ ፍልጥ አንድ ክንድ ከሆነ የጥድ ፍልጥ እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ማገዶ በውስጡ አለ፤ አየር በቀላሉ ስለማይገባውም ቀስ ብሎ ይነዳል። ማታ በአመድ የተዳፈነ የወይራ ፍም ጠዋት ሲገለጥ ዐይኑን የሚያበራው ለዚሁ ነው። እርጥብ እንጨት ደግሞ፣ ምንም ዓይነት ይሁን፣ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያተናል፤ አንድ ኪሎ ውሃ ለማትነን ከሁለት ሜጋጁል በላይ ይሄዳል። ያ ሙቀት ለምጣዱ አይደርስም። ይህን ሁሉ በፈተና ወረቀት ላይ ጽፌ ጥሩ ውጤት ያገኘሁ ሰው ነኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጠላዋን ከመጥመቋ በፊት ጋኑን፣ ወተት ከመናጧ በፊት ቅሉን በወይራ ጭስ ስታጥን ስለኖረች፣ ማጀት ሆና በአፍንጫዋ ለየችው።

በግንቦት ጎረቤታችን ለመኸሩ ሲያርስ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ እኛ ገባ። መጥፎ ሰው አይደለም፤ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ ያደረ ሰው ነው። እናቴ ሄዳ፣ «ወንድሜ፣ አልፈህብናል» ብትለው፣ «እኔ የማውቀው ወሰን ይሄ ነው፤ እንጨቱ ካለ አሳዩኝና ልመለስ» አላት። ምን ትበለው? ልጄ አነደደው ትበል? አለችም። በክልላችን በ1990ዎቹ አጋማሽ ምዝገባ ከተጀመረ በኋላ የተሰጠን የይዞታ ደብተር ነበረን፤ አውጥቼ አነበብኩት። በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ ያዋስነዋል ይላል። ካርታ የለበትም። እገሌ የት ላይ እንደሚያልቅ አይናገርም። ያን የሚናገረው እንጨቱ ነበር።

ሁለት እርምጃ መሬት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። ከጓሯችን ጫፍ እስከ ጅረቱ ሁለት ሁለት እርምጃ ሲቆጠር የእኅቴ የደብተርና የጫማ ገብስ የሚወጣበት ነው። ከዚያም በላይ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ዘንድሮ ሁለት እርምጃ ዝም ካለች ለከርሞ አራት ይሆናል። ይህን እናቴ አልነገረችኝም፤ ማታ ማታ ዝም ብላ እሳቱን ስትቆሰቁስ ያየሁት ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ያን ጊዜ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሎ ስለነበር ሽማግሌዎቹ ሁለት በዚህ፣ አንድ በዚያ፣ እኛ ደግሞ ከዛፍ ሥር፣ ተራርቀን እየተጯጯህን ነበር ነገሩ የታየው። አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። አንዱ የድሮ የገበሬ ማኅበር ሰው ናቸው። ሦስተኛው ዕድሜ ልካቸውን ሞፈርና ድግር ሲጠርቡ የኖሩ አናጢ ናቸው፤ አሁን እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«የቆረጠው ልጅ ቦታውን ያሳይ» ተባለ።

ሄድኩና አሳየሁ። እዚህ ላይ ነው ብዬ በእግሬ ረገጥኩ። ተቆፈረ። የለም። ትንሽ ወደዚያ አልኩ። ተቆፈረ። የለም። የቆረጥኩት በዝናብ ነው፣ ከዚያ ወዲህ ሣር በቅሎበታል፣ ከብት ረግጦታል፣ አንዱን ጎን ማረሻ ነክቶታል። ላብ አሰመጠኝ። ጎረቤታችን አንድም ቃል አልተናገረም፤ ትልቁ ልጁ ግን ፈገግ ሲል አየሁት።

አናጢው ሽማግሌ ከተቀመጡበት ተነሡና ድጅኖውን ተቀበሉኝ። አልቆፈሩበትም። ጫፉን ብቻ አፈሩ ውስጥ እየሰደዱ፣ እየነቀሉ፣ በየስንዝሩ እየወጉ ሄዱ፤ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው። አፈር፣ አፈር፣ ጠጠር፣ አፈር። ከዚያ «ጠን» አለ። ያን ድምፅ ዐወቅሁት። ጉልበቴ ከዳኝ።

አፈሩ ሲገለጥ ክብ ጉማጅ ብቅ አለ፤ ጥቁር፣ በጭቃ የተለወሰ። የጎረቤታችን ልጅ፣ «ይሄ እኮ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነው፤ እዚህ አካባቢ ባሕር ዛፍ እንደነበረ አገር ያውቃል» አለ። እውነቱን ነው፤ ነበረ። ሽማግሌው ዞረው እኔን አዩኝ። «የተማርከው ልጅ፣ አንተ ምን ትላለህ? ምንድን ነው?»

«ወይራ ነው፣ አባባ።»

«በምን ዐወቅህ?»

ዝም አልኩ። እናቴ ስለነገረችኝ ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?

ጎንበስ ብለው በቢላዋ ጫፉን ላጡት። ላጩን አንሥተው ለሁሉም እያሳዩ ተናገሩ። ባሕር ዛፍ ሲላጥ ጭረቱ ይነሣል፣ ጠርዙ ይበጣጠሳል፤ ይሄ እንደ ቀንድ ልሙጥ ሆኖ ነው የሚመጣው። ምራቃቸውን በጣታቸው ነክተው የተላጠውን ቦታ አራሱት፤ ያ ጅረት የመሰለ ጥቁር መስመር ከማሩ መሐል ብቅ አለ። ከላጩ ቁራጭ ለጎረቤታችን ልጅ አቀበሉትና፣ «ሂድ፣ ከእናትህ ምድጃ ፍም ላይ ጣልና አሽትተህ ና» አሉት። ልጁ ሄዶ መጣ። «ምን ምን ይላል?» ቢሉት፣ አቀርቅሮ፣ «ጋን ጋን» አለ። ሁላችንም ሳቅን፤ ቄሱም ሳይቀሩ።

«ይሄም ባይበቃ» አሉና በጎኑ ትንሽ አስቆፈሩ። አንድ ክንድ ከምናምን ወረድ ብሎ ታችኛው ጫፍ ታየ። ሥር የለውም። በመጥረቢያ ሾል ተደርጎ የተጠረበ ነው፣ የመጥረቢያው ምት እንኳ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የአያቴ ይሁን የጎረቤታችን አባት አናውቅም። ጎረቤታችን ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው፣ ከዚያ፣ «በቃ፣ ይሄው ነው» አለ። መልሰው አፈር አለበሱት።

አሁን ልሸሽገው የማልፈልግ አንድ ነገር አለ። ጉማጁ የተገኘው ጎረቤታችን ካለው ቦታ አንድ እርምጃ ከግማሽ ወደ እሱ ማሳ ነው፤ እሱ ተሳስቷል ማለት ነው። ግን እኔ «እዚህ ላይ ነው» ብዬ በእግሬ ከረገጥኩት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ እኛ ነው። እኔም ወደራሴ ነበር የሳትኩት። አልዋሸሁም፤ በእርግጥ እዚያ መሰለኝ። እሱም በእርግጥ እዚያ መስሎት ነበር። ሽማግሌዎቹ ዐይተው ዝም አሉ። ጎረቤታችን ብቻ ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ተማሪ ሲለካ ለእናቱ ያዳላል» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ወይራ የሚባል ዛፍ በቁሙ ካላየሁ ብዬ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሄድኩ፤ በኛ ቀበሌ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። ሳልፍ ሳገድም የኖርኩበት ዛፍ ነው። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል፤ ከላይ ጥቁር አረንጓዴና የሚያብረቀርቅ፣ ገልበጥ ሲያደርጉት ሆዱ ወደ ብርማ ወይም ወደ ቡናማ የሚያደላ። ነፋስ ሲመጣ ዛፉ ሁሉ ቀለም ይለውጣል። ፍሬው ትንሽ ነው፣ ሲበስል ይጠቁራል፣ ወፎች ይለቅሙታል። ርግቧ ለኖኅ ይዛለት የመጣችው ቅጠል፣ በሜዲትራንያን ዳር ዘይት የሚጨመቅበት ወይራ፣ ከዚሁ ከኛው ዛፍ ጋር አንድ ዝርያ መሆኑንም በኋላ ነው ያነበብኩት። እንደዚያ ባለ ዛፍ ጥላ ሥር ሰባት ዓመት ዳዊት ደግሜያለሁ። ዱላዬም፣ መፋቂያዬም ወይራ ነበር። እንጨት ሆኖ ግራጫ ለብሶ ሲቆም ግን አላወቅሁትም።

ባሕር ዛፍንም እዚህ ላይ አለመውቀስ ነው። በ1880ዎቹ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው እኮ ማገዶ ጠፍቶ ከተማዋን ሊያስለቅቅ ደርሶ ስለነበር ነው። የአገሬው ዛፍ በዙሪያዋ አልቆ ነበር፤ ያለቀውም እንደ እኔ ባሉ መጥረቢያ ያዦች ነው። ባሕር ዛፍ ባይደርስ ኖሮ የቤተ ክርስቲያኑ ወይራ ራሱ መቆሙን እንጃ።

አዲስ ቋሚ መትከል ነበረብን። ወይራ ከየት ይምጣ? ከቅጥሩ መቁረጥ የማይታሰብ ነው፣ ቆላ ወርደን እንግዛ ብንል መንገድ ዝግ ነው። ከጎረቤታችን ጋር ሆነን አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ጠርበን፣ ታችውን በእሳት ለብልበን፣ የተቃጠለ ዘይት ቀብተን ከወይራው ጉማጅ አጠገብ ተከልነው። እሱ እየቆፈረ እኔ እየጠረብኩ። አጠራረቤን አይቶ ብዙ ሳቀ።

አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሼ እዚሁ ግቢ ነኝ። ባለፈው ለበዓል ስሄድ ቋሚውን ነካ ባደርገው ይነቃነቃል፤ ከመሬት አፍ ላይ ጣቴ ይገባል። ጎረቤታችን አይቶኝ፣ «ተወው፣ ሌላ እንተክላለን፤ ታችኛው አለ» አለኝ። እናቴ ደግሞ ያን ቀን ከእሳት ጎትታ ያወጣችውን ትርኳሽ ከማጀቱ ጣራ ሥር ሰክታ አስቀምጣዋለች። ጋን ልታጥን ስትል በቢላዋ ጥቂት ትፍቅለታለች። አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶታል።